ለሐኪሙ መልሱ አይነገርም

ኦክቶበር 1፣ ሰኞ፣ ሜዳን

አንጀቴ ውስጥ የበቀለ ነገር አለ። ይህን የነገረኝ ጢሙ ገና በቅጡ ያልወጣ ሐኪም ነው፤ ሲነግረኝም ዓይኑን ከኮምፒውተሩ አልነቀለም። አያቱ የሆንኩ ይመስል «ኦፑንግ፣ በቀዶ ጥገና መውጣት አለበት፤ አይፍሩ» አለኝ።

«አልፈራሁም። አንተ ግን ጀርባህን አቅና» አልኩት። አቀና። ጡረታ ከወጣሁ ብዙ ዘመን ቢሆንም ድምፄ አልዛገም።

ልጄ ቢንሳር ወዲያው «ፔናንግ» አለ፤ ባሕር ማዶ፣ የሰው አገር ሆስፒታል ማለቱ ነው። ሚስቱ ላምሪያም «ፔናንግ» አለች። በዚህ ከተማ ሰው ሲያስነጥስ «ይማርህ» አይባልም፤ «ፔናንግ ሂድ» ነው የሚባለው። ድሮ የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነበር፤ ዛሬ የእኛ ሰርዶ ባሕር ተሻግረው የማዶ በሬ ካላሳዩት አይነቀልም።

እሺ አልኩ። ፈርቼ አይደለም። መከራከር ስለሰለቸኝ ነው።

ለልቤ የምውጠውን ክኒንም ይዤ እሄዳለሁ። የልቤ ምት የተዛነፈ ጊዜ ማንጋራ ያዘዘልኝ ነው፤ ደም እንዳይረጋ ያቀጥናል። ማንጋራ አሁን አንቱ የተባለ የልብ ሐኪም ነው፤ እኔ ግን አራተኛ ክፍል ሳስተምረው ክፍልፋይ ያልገባው ልጅ ነበር። «እትዬ፣ እኔን ሳይጠይቁ እንዳያቆሙት» ብሎኛል። ክፍልፋይ ላልገባው ሰው ይህን ያህል መታዘዜ ይበቃዋል።

ኦክቶበር 4፣ ሐሙስ

የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ከጸሎት በኋላ ከበቡኝ።

«እትዬ ኮርኔሊያ፣ ወዴት ሊሄዱ ነው?»

«ለሽርሽር። ፔናንግ።»

«እሰይ፣ ሽርሽር!» አሉ በአንድ አፍ። ማንም ፊቴን አላየም፤ ሁሉም ሆዴን አዩ። ከዚህ አገር ለሕክምና የሄደ ሰው የለም፤ ሁሉም ተንሸራሽሮ ነው የሚመጣው። አምና የመዘምራኑ መሪ ተንሸራሽራ አንድ ጡቷን ትታ ተመለሰች። ብስኩት ግን አምጥታልናለች፣ በባቄላ የተሞላውን። እኔም ብስኩት እንዳልረሳ አደራ ተብያለሁ።

ኦክቶበር 9፣ ማክሰኞ፣ ፔናንግ

ተጓዥ ሁሉ እንደ ሕፃን የራጅ ፖስታ ታቅፎ አውሮፕላን ተሳፈረ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ፣ ቆዳው እንደ ዝንጅብል ቢጫ የሆነ፣ «እኔስ ኑድል ልበላ ነው» አለኝ። ብላ አልኩት።

የእኔን ፖስታ ላምሪያ ይዛ መጥታለች። ከሻንጣው ግርጌ፣ ከቀሚሶቼ ሥር እንድትቀብረው አዘዝኩ። «ለምን ኢናንግ?» አለች። ምራቴ ናት፤ እናቷን እንደምትጠራ ነው የምትጠራኝ፣ ወግ ስለሆነ እንጂ ወዳኝ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። ቀስ ብላ ትራመዳለች፣ ቀስ ብላ ታስባለች። «ለምን» የምትለው ግን ቶሎ ነው።

ማደሪያችን ከሆስፒታሉ ኋላ ነው። ባለቤቷ አክስት ጌዮክ የምትባል የፔናንግ ቻይና፣ መበለት። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ ትራሱ ቀጭን። ማድቤቱ የጋራ ነው። የጋራ ማድቤት ማለት የጋራ ወሬ ማለት ነው።

ኦክቶበር 10፣ ረቡዕ

አልተሳሳትኩም። እራት ላይ ቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ፣ ሁሉም ከእኛው ዳርቻ የመጣ።

አኪዮንግ የሚባል የመኪና ዕቃ ነጋዴ አለ፣ ኩላሊቱ ጠጠር ያፈራ። ሦስት ሐኪሞች አይተውታል፤ ሁለቱ አንድ ቃል ተናገሩ፤ እርሱ ሦስተኛውን መረጠ፣ «አይቆረጥም» ስላለ። አራተኛ ፎቅ ላይ አልተኛም ብሏል፤ ቤተ መቅደስ አስጠይቆ አራት የሞት ቁጥር ነው ስላሉት። ሮስላይኒ ደግሞ ከቢንጃይ የመጣች የፖስታ ቤት ጡረተኛ ናት፣ እንቅርቷ እንደ ብርቱካን ያበጠ። ጸሎት የተደገመበት ውሃ በጠርሙስ ይዛ መጥታለች፤ ሐኪም ዘንድ ከመግባቷ በፊት አንድ ጉንጭ፣ ከወጣች በኋላ አንድ ጉንጭ። ባሏ ኡስማን ጠርሙሱን ይሸከማል። ሌላ ሥራ ሲሠራ አላየሁትም።

ሁሉም የሜዳኑን የራጅ ፊልም ከዚህኛው ሐኪም እንደደበቁ በኩራት ተናገሩ። ለምን እንደደበቁ ግን አያውቁም፤ ጎረቤት ስለደበቀ ደበቁ። እዚህ ላይ አፌን ከፈትኩ።

«ይህ ድንቁርና ሲሆን ነው የማያምረው» አልኩ። «በሥርዓት ከተሠራ ግን ፈተና ነው። እኔን ያስተማሩኝ የሆላንድ መነኩሲቶች ጥያቄውን እንጂ መልሱን ሰጥተውኝ አያውቁም። የሜዳኑ ሐኪም ያለውን ለዚህኛው ከነገርኩት ይገለብጠዋል። የታመምኩትንም፣ የምውጠውንም አልነግረውም። ራሱ ካገኘ አዋቂ ነው። ካላገኘ ሰውነቴን አላስነካውም።»

አኪዮንግ ሳቀ። «ወይ ኦፑንግ! እኛ ፊልም ደበቅን፤ እርስዎ ክኒን ደበቁ! እኛስ ተማሪ ነን፣ እርስዎ ዋና ርዕሰ መምህር!»

ሮስላይኒ አልሳቀችም። ሾርባዋን ትታ ታዳምጠኝ ነበር፤ እንደ ፊተኛ ወንበር ልጅ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ። ለእንቅርት ደግሞ ይከብዳል።

ኦክቶበር 11፣ ሐሙስ

ወረፋ ላይ ሆኜ። ሰው ሁሉ ያስላል። እስካሁን አልተጠራሁም።

በኋላ፦

ሐኪሙ ሴልቫራጃ ይባላል። ሽበታም፣ ጥፍሩ ንጹሕ፣ ጫማው ያልተወለወለ። ምን አመጣዎት አለኝ። «አንተ ንገረኝ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ፈገግ አለ። የእኛን አገር ሰዎች የለመደ ይመስላል።

ልቤን አዳመጠ። ረጅም ጊዜ አዳመጠ። «ምቱ ይዛነፋል፤ ነግረውዎት ያውቃሉ?»

«አንተ ነህ ሐኪሙ።»

«የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የለም» አልኩ። ላምሪያ ወለሉን አየች። እንዲህ ወለል ስታይ ሰው ይነቃል፤ በኋላ ነገርኳት።

ልቤን አግኝቷል፤ ግማሽ ማርክ። ክኒኑን አላገኘም።

ኦክቶበር 13፣ ቅዳሜ

በካሜራ አንጀቴን አዩ። ሴልቫራጃ ምስሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና በእስክሪብቶ ጫፍ አሳየኝ። የበቀለ ነገር አለ፤ በቀዶ ጥገና መውጣት አለበት።

ቃል በቃል የሜዳኑ ልጅ ያለው ነው። ባሕር ተሻግረን፣ ቀጭን ትራስ ላይ ተኝተን፣ ያንኑ ሰማን። ሌላ ነገር ጠብቄ ነበር ማለቴ አይደለም። ምን ልጠብቅ?

«ናሙና ስወስድ ከጠበቅሁት በላይ ደም ፈሰሰዎት» አለ። «በእርግጥ ምንም አይወስዱም?»

«ጠይቀኸኛል፤ መልሻለሁ።»

የፊታችን ዓርብ ሊሠራኝ ቀጠረ። ወጥተን አሳንሰሩ ፊት ቆመን ላምሪያ «ኢናንግ፣ ለምን አንነግረውም? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይሉ የለ?» አለች። በሽታዬን አልደበቅሁም፤ በካሜራ አይቶታል። የደበቅሁት ክኒን ነው አልኳት። ዝም አለች። ስትሸነፍ ዝም ትላለች። ሳትሸነፍም ዝም ትላለች፤ ለመለየት አስቸጋሪ ነው።

ማታ ማድቤት ውስጥ ሮስላይኒ ወደ እኔ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ፣ «ኦፑንግ፣ እኔም አልነገርኳቸውም። እግሬ ውስጥ ደም ረግቶ የተሰጠኝ ክኒን አለ፤ እንደ እርስዎ። ‘ምን ትወስጃለሽ?’ ሲሉኝ ‘ምንም’ አልኳቸው» አለችኝ። ጉንጮቿ ቀልተው ነበር።

«ጎበዝ» አልኳት። ሌላ ምን ይባላል?

ላምሪያ ሳህን እያጠበች ሳትዞር፣ «እሷ እኮ ማክሰኞ ነው የምትቆረጠው» አለች።

«አንቺ ሳህንሽን እጠቢ» አልኩ።

ኦክቶበር 16፣ ማክሰኞ

ጠዋት፦ ሮስላይኒ ገባች። ውሃዋን ጠጥታ። ከበሩ ላይ እጇን አወዛወዘችልኝ፣ እንደ ተማሪ።

ቀትር፦ አልወጣችም። አኪዮንግ እንቅርት ረጅም ሥራ ነው ይላል። ምን ያውቃል።

አመሻሽ፦ ኡስማን ብቻውን መጣ። ልብሷን ልወስድ ነው የመጣሁት አለ፤ ግን ልብሱ አልጋው ላይ እያለ ማድቤት መሃል ቆመ። ሸሚዙ ተገልብጦ ነው የተለበሰው።

«ደሙ አልቆም አለ» አለ። «ሰፍተው ከጨረሱ በኋላ አንገቷ አበጠ፤ መተንፈስ አቃታት፤ እንደገና ከፈቷት። ‘ምን ወስዳለች? ምን ወስዳለች?’ ይሉኛል።»

«ምን አልካቸው?» አለ አኪዮንግ።

«ምንም። እንዳትነግራቸው ብላ አስምላኛለች።» ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ። እኔን ብቻ። «ኦፑንግ፣ ምን ልበላቸው?»

የአክስት ጌዮክ የሩዝ ድስት ብቻ ይንተከተካል።

«ሕፃን ነህ እንዴ!» አልኩት። «ሂድና ንገራቸው! የክኒኑን ፓኮ ይዘህ ሂድ!» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ባዶ እግሩን ሮጠ።

እኔ እርሷን አላስተማርኳትም። ማድቤት ውስጥ ለሁሉም ነው የተናገርኩት። በጎረቤት ክፍል ሆኖ ለሚያዳምጥ ልጅ አስተማሪ አይጠየቅም።

ክኒኔን ዛሬ ማታ አልዋጥኩም። ረስቼው ነው።

ኦክቶበር 17፣ ረቡዕ

ሮስላይኒ በሕይወት አለች። ጽኑ ሕሙማን ክፍል። ኡስማን ከነገራቸው በኋላ የክኒኑን ማርከሻ መድኃኒት ሰጧት፤ ደሙ ቆመ።

ቁርስ ላይ አኪዮንግ ማንኪያውን አስቀመጠና፣ «ኦፑንግ፣ ዛሬ ፈተና የለም?» አለ። ማንም አልሳቀም። እርሱም ያለው ለማሳቅ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ የሜዳን ፊልሙን ከሻንጣው አውጥቶ ወደ ሆስፒታል ሲሄድ በመስኮት አየሁት። ሦስተኛውን ሐኪም ትቶ መሆን አለበት። ፈሪ።

ክኒኔን ዛሬም አልዋጥኩም። ይህን ጊዜ ረስቼ ነው ልል አልችልም፤ ትናንት ጽፌዋለሁ። ልቤ ግን ከሰዓት ጀምሮ እንደ ታሰረ ዶሮ ይፈራገጣል። ማንጋራ «እኔን ሳይጠይቁ እንዳያቆሙት» ያለው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አልጠየቅሁትም። ብውጠው እንደ ሮስላይኒ ነኝ፤ ባልውጠው ምን እንደምሆን አላውቅም። ይህን የሚያውቅ ሰው አለ፤ ግን መልሱን አልሰጠሁትም።

ላምሪያ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ኢናንግ፣ ነገ ይገባሉ፤ ዓርብ ይቆረጣሉ። ከዚያ በፊት እኔ እነግረዋለሁ።»

«ብትነግሪው ያን ቀን ወደ ቤት እመለሳለሁ።»

«ይመለሱ!» አለች። በትዳሯ ዘመን ሁሉ ድምፅዋን እንዲህ ሰምቼው አላውቅም። «ቆመው ይመለሱ! እኔ ሬሳዎን በሳጥን ይዤ ባሕር አልሻገርም። ቢንሳር ‘አብረሻት ነበርሽ አይደል?’ ሲለኝ ምን እላለሁ? ‘እናትህ ሐኪም ትፈትን ነበር’ ልበለው?»

አፍ አውጥታለች አልኩ በልቤ። ከዚያ ዞራ ልብሴን ለነገ ማጣጠፍ ጀመረች፤ እጅጌውን ወደ ውስጥ፣ እኔ እንዳሳየኋት።

ኦክቶበር 18፣ ሐሙስ

አልጋ ከመያዜ በፊት ወደ ሮስላይኒ ወጣሁ። በመንገዴ ስለሆነ ነው።

አንገቷ በፋሻ ተጠቅልሎ ከጎኑ ቱቦ ወጥቶበታል። ፊቷ የጨው ቀለም ነው። ስታየኝ ልትነሳ ሞከረች፤ ቀጥ ብዬ «ተኚ» አልኳት። ድምፅዋ እንደ ወረቀት ነበር፤ ጎንበስ ብዬ ነው የሰማሁት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ኦፑንግ» አለች። «እኔ እስከ መጨረሻው ዝም ብዬ ነበር። ባሌ ነው መልሱን የነገራቸው።»

ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔን።

የብርድ ልብሷ ጥግ ተዛብቶ ነበር፤ አስተካከልኩት። ሌላኛውንም ጥግ አስተካከልኩት። ከዚያ ደግሞ የመጀመሪያውን።

ታች አልጋዬ ላይ አንዲት ነርስ መጣች። አለርጂ አለብዎት? የለም። ተቆርጠው ያውቃሉ? የለም። የሚወስዱት መድኃኒት? ላምሪያ ትንፋሿን ዋጠች፤ ሰማሁት።

«ሴልቫራጃ ይምጣ» አልኩ።

«ዶክተር ሥራ ላይ ናቸው እማማ፣ ለእኔ ይንገሩኝ።»

«እርሱን ነው የምፈልገው።»

መጣ፣ የቀዶ ጥገና ቆቡን ሳያወልቅ። ተቀመጥ አልኩት፤ ተቀመጠ። ክኒኑን ከከረሜላ ቆርቆሮዬ አውጥቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩ። «ይህን እውጣለሁ፣ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ከማክሰኞ ማታ ወዲህ በገዛ እጄ አቁሜዋለሁ። የሜዳኑ ፊልም ከሻንጣዬ ግርጌ ነው፤ የዚያ ሐኪም ያልከውን ሁሉ ብሎ ነበር።»

ክኒኑን አገላብጦ አየ። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልጮኸም። ባልጮኸ ቁጥር እየባሰብኝ ሄደ።

«ብነግርዎ ኖሮ ነገ እንደዚያች ሴት» አለ፤ ከዚያ ራሱን አረመ፤ «ባይነግሩኝ ኖሮ ማለቴ ነው። ደክሞኛል። ዝም ብለው ማቆምዎ ደግሞ ሌላ አደጋ ነው፤ ደም ልብዎ ውስጥ ረግቶ ወደ አንጎል ቢወጣስ? የዓርቡ ቀርቷል። መጀመሪያ ከልብ ሐኪምዎ ጋር እነጋገራለሁ፤ መቼ እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚጀመር እኛ ነን የምንወስነው። የሚቀጥለው ሳምንት እንሠራለን።» ሊወጣ ሲል በሩን ይዞ ቆመ። «በዚህ ሳምንት ሁለተኛዋ ነዎት፤ ሁለታችሁም ከአንድ ማደሪያ። እዚያ ቤት ይህን የሚያስተምራችሁ ሰው አለ እንዴ?»

«አላውቅም» አልኩ።

ላምሪያ አጠገቤ ነበረች። ወለሉን አላየችም፤ እኔን ነው ያየችኝ።

ኦክቶበር 20፣ ቅዳሜ

ሴልቫራጃ ለማንጋራ ደውሎ ስልኩን ሰጠኝ። ክፍልፋይ ያልገባው ልጅ ከሜዳን ሆኖ «እትዬ! እትዬ ደህና ነዎት?» እያለ ጮኸ። አትጩህ አልኩት። ምን ልዋጥ፣ ስንት ሰዓት ልዋጥ፣ ሁለቱ ተስማሙ። የሚጨቃጨቁ መስሎኝ ነበር። እስኪጠሩኝ ወደ ማደሪያው እንድመለስ ፈቀዱልኝ።

ማታ እራት ላይ አዲስ ሰው ገብቷል፤ ከካባንጃሄ የመጣ ብርቱካን አብቃይ፣ ሰፊ ትከሻ፣ በየቃሉ ደረቱን የሚይዝ። የራጅ ፖስታው ከወንበሩ ሥር ነው። አክስት ጌዮክ ሩዝ ስትጨምርለት ለአኪዮንግ ያወራል።

«እኔ ለሐኪሙ ምንም አልነግረውም ወንድሜ። ፊልሙንም፣ የምውጠውንም። እዚህ እንደዚህ ነው አሉኝ የሚደረገው። ራሱ ያግኘው! አውሮፕላን ላይ ነው የሰማሁት፤ አንዲት የተማረች አስተማሪ ያወጣችው ዘዴ ነው አሉ።»

አኪዮንግ ሩዙን ማኘክ አቆመ። ወደ እኔ ሊያይ ፈለገና ሳህኑን አየ። ላምሪያ ሽንኩርት ትልጥ ነበር፤ ቢላዋው ቆመ። ሁሉም ይጠብቁኝ ነበር። ዝም ብል አንድም ሰው ስሜን አይጠራም ነበር፤ ያን አውቃለሁ። ትሕትናቸው እስከዚህ ድረስ አሳፋሪ ነው።

«ያቺ አስተማሪ ጅል ናት» አልኩት።

ሰውዬው ደንግጦ ዞረ። «ያውቋታል እንዴ ኦፑንግ?»

«ከልጅነቷ ጀምሮ። የሰውን ነፍስ እንደ ደብተር አርማለሁ ያለች ጅል። በእርሷ ዘዴ ምክንያት ሆስፒታሉ ውስጥ አንዲት ሴት አንገቷ ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ተኝታለች። ሮስላይኒ ትባላለች። ዘዴውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ።»

ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«በል ፖስታህን ከወንበሩ ሥር አውጣ። የምትውጠውንም ሁሉ እዚህ አስቀምጥ፤ ሥራሥርም ቢሆን፣ የአጎትህ ሚስት የሰጠችህም ቢሆን። ሰኞ ሐኪሙ ዘንድ አብሬህ እገባለሁ።»

ሰውዬው አኪዮንግን አየ። አኪዮንግ ራሱን ነቀነቀለት። ከዚያ ከኪሱ፣ ከሌላው ኪሱ፣ ከካልሲውም ጭምር፣ አንድ በአንድ ማውጣት ጀመረ።